ጠባቂው በእጅ ተዘግቷል

እፀገነት በሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ ስታነብ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ኋላ ያን ቀን ባሰበችው ቁጥር ከሁሉ አብልጦ የሚቆጠቁጣት ይኸው ነበር።

ኅዳር 2008 ማለቂያው ላይ ነው። በዚያ ዓመት በልጉም ክረምቱም ከድቶ ከጎብዬ እስከ ዋጃ ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ቆሞ ደርቋል። ከቆቦ በላይ ባለው ሜዳ ላይ የቀረ አረንጓዴ ነገር ቢኖር የጥቁር ሜዳ መስኖ ኅብረት ዘጠኝ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚያጠጡት ሽንኩርትና ቲማቲም ብቻ ነበር። ከዘጠኙ የሰባተኛው ፓምፕ ኅዳር 19 ቀን ነደደ። የጉድጓዱ ውሃ ዝቅ ሲል መቆም የነበረበት ሞተር ሳይቆም ደረቁን ሲሽከረከር ቆይቶ ተቃጠለና የአርባ ሁለት አባወራ ሽንኩርት ያለ መስኖ ቀረ።

እያንዳንዱ ፓምፕ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ግራጫ መቆጣጠሪያ ሣጥን አለው። ሣጥኑ ውስጥ «ጠባቂ» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ውሃ ሲያንስ ሞተሩን የሚያስቆመው እሱ ነው። ለጥገና ሲፈለግ ጠባቂው በቁልፍ ይዘጋል። የሆነውን ሁሉ ደግሞ ሣጥኑ በእንግሊዝኛ እየጻፈ ያስቀምጣል። እፀገነት የኅብረቱ ብቸኛ የኮምፒዩተር ባለሙያ ናት፤ የቆቦ ልጅ፣ ተምራ የተመለሰች። የሣጥኑን መዝገብ አንብባ እንድትተረጉም ተጠራች።

«ምን ይላል?» አሉ የኅብረቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሞላ።

«ጠባቂው በእጅ ተዘግቷል ይላል።»

«በእጅ ማለት?»

«በቁልፉ ማለት ነው። ሰው ዘግቶታል።»

ቁልፉ የተንጠለጠለው በጋሽ ከማሉዲን አንገት ላይ ነበር። የሰባተኛው ጉድጓድ ኦፕሬተር ናቸው፤ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ረዥም፣ ወሬ የማያበዙ የራያ ገበሬ። ሌሎቹ ኦፕሬተሮች ሥራ ሲያልቅ ሣጥኑንም መብራቱንም ጠርቅመው ነው የሚሄዱት። እሳቸው ግን ሥልጠና ላይ «ሣጥኑ ባይጠፋ ይመረጣል» የተባለውን ሰምተው አንድም ቀን አጥፍተውት አያውቁም። መብራት ቢሄድ እንኳ የራሱ ባትሪ ስላለው ይቀጥላል። ጠዋት ጠዋት በሽርጣቸው ጫፍ አቧራውን ይጠርጉለታል።

«ልጄ፣ ቁልፉን አልነካሁም» አሉ። «እስቲ እንደገና እይው።»

«አይቼዋለሁ ጋሽ ከማሉዲን።»

«እንደገና።»

«ሣጥን ሰው አይጠላም» አለች። «የሆነውን ነው የሚጽፈው።»

ይህን ስትል በትሕትና ነበር። ክፋት አልነበረባትም። ሰዉ ሽንኩርቱ ተቃጥሎበት የሚይዘውን አጥቶ ቁጭ ብሏል፤ እሷ ደግሞ የተጻፈ ነገር በእጇ ይዛለች።

ቁርአን መጣ። ጋሽ ከማሉዲን ውዱእ አድርገው፣ እጃቸውን አኑረው፣ ቁልፉን እንዳልነኩ ማሉ። በዚያ አገር ነገር በመሐላ ያልቃል። ያን ቀን ግን ነገሩ በመሐላ ጀመረ። ሰዉ ተነሥቶ ቂጡን አራግፎ ሄደ፤ አንድ ሰው እንኳ «አብሽር» አላላቸውም። በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበቱ፤ ከኅብረቱ አባልነት ተሰረዙ፤ ማሳቸው ከውሃ ተራ ወጣ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን በሐሰት ምሏል መባሉ ነው። በሐሰት የማለ ሰው ቤት ቡና የሚጠጣ ጠፋ። ሮቢት የታጨችው ልጃቸው ኡሙሃኒ በጥር ልትዳር ቀን ተቆርጦላት ነበር። የእጮኛዋ ወገኖች ሁለት ሽማግሌ ልከው «ለጊዜው ይቆየን» አሉ። ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ኡሙሃኒና እፀገነት እስከ አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማሩት።

አቶ ሞላ ከዚህ ጉዳይ ትምህርት ወስደናል ብለው ደብዳቤ አወጡ። ከጥር 1 ጀምሮ ማንም ኦፕሬተር ሣጥን እንዳያጠፋ፣ መዝገቡ ሳይቋረጥ እንዲጻፍ። እፀገነት በኅብረቱ ሞተር ሳይክል የቀሩትን ስምንት ጉድጓዶች ከጠዋት እስከ ምሳ ዞራ ሣጥኖቹን አስነሣች፤ ማብሪያ ማጥፊያቸውንም በወረቀት አሸገች።

የካቲት 21 ቀን ጠዋት አባይ የሚባለው የአራተኛው ጉድጓድ ኦፕሬተር ፓምፑን አስነሥቶ ለወንድሙ ልጅ አደራ ብሎ የሞተር ዘይት ሊወስድ ቆቦ ቢሮዋ መጣ። ፈርሞ፣ ወንበር ስቦ፣ ስለ ድርቁ እያወራ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ፓምፑ ነደደ። ወዲያው የሁለተኛውም ጉድጓድ መንደዱ ተሰማ፤ በአንድ ጠዋት ሁለት። የቀሩት ጉድጓዶች ውሃቸው አልወረደም ነበር።

እፀገነት አራተኛው ጉድጓድ ደርሳ መዝገቡን አነበበች። ጠባቂው በእጅ ተዘግቷል። ሰዓቱን አየች። አባይ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ቁልፉን በጣቱ ሲያሽከረክር የነበረበት ሰዓት ነው።

«ሌላ ቁልፍ አስቀርጾ ይሆናላ» አሉ አቶ ሞላ።

«ሁለቱም በአንድ ጠዋት?»

«ከከማሉዲን ተምረው ነዋ።»

ቢሮዋ ገብታ ቀን ቆጠረች። ከጥር 1 እስከ የካቲት 21 ንጋት፣ አርባ ዘጠኝ ቀን ተኩል ያህል። ከዚያ የሰባተኛውን ጉድጓድ የጥገና ወረቀት ፈለገች። ሣጥኑ ለመጨረሻ ጊዜ ጠፍቶ የተነሣው መስከረም 29 ነው፤ ያስነሣችውም ራሷ ናት፤ ፊርማዋ አለበት። ከመስከረም 29 እስከ ኅዳር 19 ንጋት ቆጠረች። ያው ነው። ሌሎቹ ሣጥኖች ይህን ያህል ቀን ሳይጠፉ ቆይተው አያውቁም ነበር። የቆየው በደንብ የተያዘው ብቻ ነው።

ሁለቱንም እንደገና ቆጠረች።

ያን ቀን ወደ ጋሽ ከማሉዲን ቤት መሄድ ትችል ነበር። አልሄደችም። ቀን መቁጠር ማስረጃ አይደለም አለች ለራሷ። ሣጥኑ ውስጥ የሆነውን በዓይኔ አይቼ፣ ማንም የማይክደውን ይዤ ነው የምሄደው አለች። እስከዚያው የቀሩትን ሣጥኖች በየወሩ እየዞረች አጥፍታ ታስነሣቸው ጀመር።

ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም ዲበገር ይባላል። ዲበገር በሥራ ላይ ያለን ፕሮግራም መሃል መንገድ ላይ አስቁሞ «አሁን የት ነህ? ምን ይዘሃል?» ብሎ የሚጠይቅ መርማሪ ነው። እሷ የምታውቀው ዲበገር ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሰዎች በነፃ የሚሠሩት፣ በብዙ ዓይነት ኮምፒዩተርና በብዙ ዓይነት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ የሚሠራ ነው። የአራተኛውን ጉድጓድ ሣጥን ቢሮ አምጥታ በገመድ ከላፕቶፗ ጋር አገናኘችው። ዲበገሩ ሣጥኑን አገኘው፤ ግን የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አንጎሉ በዚያች ቅጽበት የሚሠራውን። ሣጥኑ ደግሞ ስድስት ሥራ በየተራ የሚያሠራ የራሱ ትንሽ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አለው። ዲበገሩ ያን ኦፕሬቲንግ ሲስተም አያውቀውም። ተራቸውን እየጠበቁ የተኙት ሥራዎች፣ ጠባቂውም ጭምር፣ ለእሱ የሉም።

ስለዚህ ልታስተምረው ተነሣች። የፓምፑ ፕሮግራም ሣጥኑን የሠራው ኩባንያ ምሥጢር ቢሆንም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ኮድ ለማንም ክፍት ነበር። ሥርዓቱ የሥራዎቹን ስም ዝርዝር የት እንደሚያኖር፣ አንዱን ሥራ ሲያስተኛ በእጁ የነበረውን ቁጥር ሁሉ በየት በኩል እንደሚያስቀምጥለት መስመር በመስመር አንብባ ለዲበገሩ ጻፈችለት። መጋቢትና ሚያዝያ በዚህ አለቁ። የመጀመሪያው ሙከራ አምስት ስም አውጥቶ ስድስተኛው ላይ የማይነበብ ነገር ተፋ። ሁለተኛው ላፕቶፑን ራሱን ቀጥ አድርጎ አቆመው። ግንቦት ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንዲት ቦታ ስህተት ተሰቃየች፤ ቁጥሮቹ ተቀምጠው የሚገኙበትን ቅደም ተከተል ገልብጣ ነበር የጻፈችው። እናቷ ማሚቴ ምሳ ይዘው ቢሮ ድረስ እየመጡ «ይህ ሥራ ደመወዝ ይጨምርልሻል?» ይሏት ነበር። አይጨምርም ትላለች።

ሰኔ 3 ቀን ከምሳ በፊት ስድስቱም ሥራዎች በስማቸው ተሰልፈው ወጡ። አርባ ዘጠኝ ቀን መጠበቅ አላስፈለጋትም፤ በዲበገሩ የሣጥኑን ሰዓት ወደ ፊት ገፍታ ልክ ወደ መጨረሻው አደረሰችው። የሣጥኑ ሰዓት ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ እየቆጠረ በአርባ ዘጠኝ ቀን ከአሥራ ሰባት ሰዓት ሞልቶ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሲሞላ ጠብቃ አስቆመችው። አምስተኛው መስመር ላይ ጠባቂው አለ። ተኝቷል። የሚነቃበት ሰዓት ተብሎ የተያዘለት ቁጥር ሰዓቱ መቼም ሊደርስበት ከሚችለው በላይ ነበር። ማንም አልዘጋውም። የሚቀሰቅሰው የሌለ እንቅልፍ ተኝቶ ነው። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ደግሞ ጠባቂው ዝም የሚልበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው ብለው ነበር ያሰቡት፤ ውሃ አንሶ እሱ ዝም ካለ ሣጥኑ «በእጅ ተዘግቷል» ብሎ እንዲጽፍ አድርገውታል።

ወደ ግቢው ወጣች። ከጀሪካን ውሃ ቀድታ ፊቷን ታጠበች። ተመልሳ ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ያው ሆነ።

አቶ ሞላ ወረቀቱን እስከ መጨረሻ አነበቡት።

«ይህን ያየሽበትን መሣሪያ ማን ነው የሠራው?»

«ዲበገሩ ዓለም የሚጠቀምበት ነው። ይህን ሣጥን የሚያይበትን ክፍል የጨመርኩት ግን እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ምስክሯም ዳኛዋም አንቺው ነሽ።» ወረቀቱን መለሱላት። «ኩባንያውን ጠይቂ።»

ኩባንያው ከወር በኋላ በአዲስ አበባ ወኪሉ በኩል መለሰ። ይፋ ባልሆነ መሣሪያ የተገኘ ውጤት አይቀበልም። በመዝገቡ መሠረት ጥፋቱ የኦፕሬተሩ ነው።

ስለዚህ ይፋ ልታደርገው ቆረጠች። የጻፈችው ኮድ በዲበገሩ ዋና ሥራ ውስጥ ከገባ የሷ መሆኑ ይቀራል፤ የሁሉም ይሆናል፤ ማንም «አንቺ ነሽ የፈጠርሽው» አይላትም። ሐምሌ ላይ ላከችው። ከዲበገሩ ሠሪዎች መካከል እንዲህ ያለው ኮድ ላይ የሚወስነው ሰውዬ ስሙን እንጂ ፊቱን የማታውቀው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ጥያቄው ግን አያልቅም። ይህን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስንት ሰው ይጠቀምበታል? ከአምስት ዓመት በኋላ ማን ይንከባከበዋል? በሰባት ክፍል ከፋፍለሽ ላኪው። እዚህ ጋ በቃላቱ መሃል የተውሽው ክፍት ቦታ ልክ አይደለም። እሷም ዘጠኝ ጉድጓድ ይጠቀምበታል ብላ ጻፈች፤ ከፋፈለች፤ ክፍት ቦታውን አስተካከለች፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ወልድያ ድረስ በሚኒባስ እየሄደች ላከች።

በጥቅምት 2009 ኢንተርኔት ተዘጋ። መቼ እንደሚከፈት የሚናገር አልነበረም። ሲከፈት ከሰውዬው ሦስት ደብዳቤ ጠበቃት። አንደኛው ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ማስታወሻ ነው፤ ሦስተኛው «መልስ ስላልተገኘ ጉዳዩ ተዘግቷል» ይላል። ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና አቀረበች። እሷ የሠራችበት ኮድ በመሃል ተለውጦ ስለነበር ግማሹን እንደገና ጻፈችው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ጋሽ ከማሉዲን ጋ አልሄደችም። ሰባተኛው ጉድጓድ በአዲስ ሞተር ከተጠገነ ወዲህ ለሥራ ስትሄድ የምታልፈው በማሳቸው ጥግ ነው። ከሩቅ ስታያቸው ሞተር ሳይክሉን ታፈጥነዋለች። ኮዱ ይግባ፣ ያኔ ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ ትላለች።

ጥር ላይ ኡሙሃኒ መሄዷን ገበያ ውስጥ ሰማች። ከሌሎች ልጆች ጋር በአፋር በኩል፣ በባሕር ተሻግራ፣ ወደ ሳዑዲ። ያወራቻት ሽንኩርት ሻጭ ነበረች፤ እያወራች ትመዝናለች። እፀገነት የገዛችውን እዚያው ትታ ተመለሰች።

ኮዱ ግንቦት ላይ ገባ። ሰውዬው አንድ መስመር ጻፈላት፦ «ስለ ትዕግሥትሽ አመሰግናለሁ።» ውጤቱን አሁን ይፋ በሆነው ዲበገር አውጥታ ለኩባንያው ላከች፤ በሦስተኛው ሳምንት ኩባንያው የሣጥኑን አዲስ ፕሮግራም አወጣ። ከታች በትንሽ ጽሑፍ የሰዓት ቆጣሪ ችግር ተስተካክሏል ይላል። ስለ ማንም፣ ስለ ምንም ሌላ አልተጻፈም።

በማግሥቱ ወረቀቶቿን አቅፋ ሄደች። ጋሽ ከማሉዲን በረታቸው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሞፈር ይጠርባሉ። አላቋረጡም። እሷም ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሰዓቱን፣ የተኛውን ጠባቂ፣ የኩባንያውን ማስተካከያ። ቁልፉን እንዳልነኩ አሁን የተረጋገጠ መሆኑን ስትነግራቸው መጥረቢያውን አስቀመጡ።

«ይህን ያወቅሽው መቼ ነው?»

«ኮዱ የገባው በዚህ ግንቦት ነው።»

«እሱን አይደለም። አንቺ ያየሽው መቼ ነው?»

«ባለፈው ሰኔ» አለች።

«ዓመት ነዋ።»

«ማስረጃው እስኪሟላ ብዬ ነው ጋሽ ከማሉዲን። ባዶ እጄን መምጣት...»

«እኔ መቼ ማስረጃ ጠየቅሁሽ? እንደገና እይው ነው ያልኩሽ። አየሽው። ካየሽው በኋላ ዓመት ዝም አልሽ።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ኡሙሃኒ እኮ የሄደችው ጥር ላይ ነው።»

ወረቀቶቹን ዘረጋችላቸው።

«ማንበብ አልችልም» አሉ። «ያነበብሽበት ቦታ ሄደሽ አንብቢው።»

አቶ ሞላ ፋይሉ ተዘግቷል፣ ሰላም ያለውን ሰው አታውኪ ብለው ነበር፤ እሷ ግን በሰኔው ስብሰባ ተነሥታ አነበበች። በዚህ ጊዜ ድምጿ እንቢ እያላት ሁለት ጊዜ ቆመች። ሰዉ ሰማት። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ «ያኔም ሣጥኑ ነው ያለው አልሽን፤ ዛሬም ሣጥኑ ነው ያለው ትይናለሽ። የቱን እንያዝልሽ?» አለና ተቀመጠ። ጥቂቶች ሳቁ። አቶ ሞላ አልሳቁም፤ ወደ ማስታወሻቸው አቀረቀሩ። ያን ቀን ቁርአኑ ሲመጣ ከነበሩት አንዱ ሽማግሌ፣ አባ እሸቴ፣ ተነሡ።

«ሰውየው ምሎልን ነበር» አሉ። «እኛ ነን ከመሐላው ሣጥን ያስበለጥን። ልጅቱ ያነበበችውን ነው ያነበበችው፤ ያመንነው እኛ ነን። እንግዲህ ይኼ በምን ይነሣል?»

ከማሉዲን ወደ አባልነታቸው ይመለሱ፣ የውሃ ተራቸው ይሰጣቸው ተብሎ በእጅ ብልጫ አለፈ። ሁለት ሰዎች ሊነግሯቸው ተላኩ። ሰዎቹ ቶሎ ተመለሱ። ጋሽ ከማሉዲን ተቀብለው አስቀምጠው፣ እርጎ አጠጥተው፣ ውሃውን አልፈልገውም ብለው ሸኝተዋቸዋል።

በሐምሌ እፀገነት ዘጠኙንም ሣጥን ዞራ አዲሱን ፕሮግራም ጫነች። ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ የተቀጠረው ኦፕሬተር አዲስ ነው፤ ስለ ምን እንደምትለፋ አልገባውም፤ ጃንጥላ ያዘላት። ስትጨርስ ሞተር ሳይክሏን እየገፋች በቦዩ ዳር ወረደች። ቦዩ በጋሽ ከማሉዲን ማሳ ጥግ ሞልቶ ያልፋል። ማሳው ላይ አንዲት ጠብታ አይገባም፤ ማሽላ ዘርተው ሰማይ ይጠብቃሉ። ያን ሰሞን ዝናቡ ወደ ዞብል በኩል ሲያጉረመርም ይውልና ሳይደርስ ይቀር ነበር።

ሲያይዋት ከማሳው ወጥተው መጡ። እጃቸውን ሰጧት።

«ደህና ነሽ ወይ? እናትሽስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው ጋሽ ከማሉዲን።»

«ሥራ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ሰላምታው ሙሉ ነበር፤ ለማንም መንገደኛ የሚሰጡት ዓይነት። እሷ ግን አልሄደችም፤ የሞተር ሳይክሉን መሪ እንደያዘች ቆመች።

«የኡሙሃኒን ስልክ ቁጥር ቢሰጡኝ» አለች። «ራሴ ልነግራት እፈልጋለሁ።»

«እኔ አልይዘውም። የምትደውለው እሷ ናት፤ በወር አንዴ፣ አንዳንዴም በሁለት ወር።»

«እንግዲያ የኔን ቁጥር ይስጧት። ትደውልልኝ።»

ጋሽ ከማሉዲን ቁጥሩን አልጠየቋትም። እሷ በወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው፤ ተቀብለው አጥፈው በደረት ኪሳቸው አደረጉት። «እነግራታለሁ» ብለው ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ።

ነሐሴ አለፈ፤ መስከረምም አለፈ። እፀገነት የማታውቀው ረዥም ቁጥር ስልኳ ላይ በመጣ ቁጥር ሥራዋን ትታ ታነሣለች። ኡሙሃኒ አልነበረችም።